ለትራንዚስተር የተከለለ ማሳ

የትራንዚስተር ፋብሪካ በዓለም ላይ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ የመከታተል ሥራ የተሰጠኝ ደሴ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔም በዕቅድ መሥሪያ ቤት ተራ ሠራተኛ ነበርኩ። ከላይ የመጣው ደብዳቤ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ኮምቦልቻ ላይ ሊተከል እንደታሰበ ይገልጽና፣ የሠለጠኑት አገሮች ለዚህ ሥራ ገንዘባቸውን የት የት እንደሚያፈሱ በየሩብ ዓመቱ ጥናት እንዲቀርብ ያዝዛል። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ስለ ዓለም የሚያወራ ነገር ቢኖር ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ካርታ ብቻ ነው። እሱም ጣሪያው ሲያፈስ ጃፓን ባለችበት በኩል ርሶ ተልጧል።

ልስቅ እችል ነበር፤ ግን ለፋብሪካው ተብሎ ችካል የተመታበት መሬት የአክስቴ ማሳ ነው። አክስቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው ከቦርከና ወንዝ ማዶ ባለችው በዚያች መሬት ማሽላ እየዘራች ነው። የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ችካሉን ያስመታ ዕለት «ፋብሪካው እስኪመጣ አይታረስም» አላት። መቼ እንደሚመጣ ግን እሱም አያውቅም። አክስቴ የምትጠይቀው አንድ ሰው ነበራት፤ ደሴ ቢሮ የተቀመጠው የእህቷ ልጅ፣ እኔ።

ደሴ ፒያሳ ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አያታቸው ከየመን የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ እሳቸውን አገሩ በሙሉ ሐጂ ይላቸዋል። ሐጂ የሞተ ሬዲዮ አይጥሉም። ሆዱን ከፍተው የተቃጠለውን ዕቃ ይነቅሉና የተሠራበትን አገር እያዩ በየክብሪት ቀፎው ይለዩታል። የጃፓን ቀፎ አለ፣ የሆንግ ኮንግ አለ፣ የማሌዢያ አለ። ሬዲዮው በየትኛው ዓመት እንደተገዛ ደግሞ ባለቤቱን ሳይጠይቁ አይለቁም። መሥሪያ ቤቴ የሚፈልገው ጥናት ሃያ ዓመት ሙሉ መሳቢያቸው ውስጥ ሲጠራቀም ኖሯል።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ። ስለ ትራንዚስተር ፋብሪካ ልጠይቅዎ ነበር።»

«ወአለይኩም ሰላም። ምነው፣ ልትገዛ ነው?»

ነገሩን አስረዳኋቸው። ቀፎዎቹን አንድ ባንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩልኝ።

«ድሮ ሁሉም ከጃፓን ነበር። ኋላ ወደ ሆንግ ኮንግ ሄደ፣ ይኸው አሁን ማሌዢያ ገባ። ሰዎቹ የሚሄዱት ዓይኗ ደህና የሆነች ልጅ በትንሽ ደሞዝ ወደምትገኝበት ነው። መብራት የማይጠፋበት፣ አቧራ የሌለበት ቤት ይፈልጋሉ።»

«ኮምቦልቻስ?»

በመነጽራቸው አናት ላይ ሲያዩኝ መብራት ጠፋ።

«ወላሂ እኔ አልመለስኩልህም» አሉ በጨለማው።

ጥናቱን ጻፍኩ። የመረጃ ምንጭ በሚለው ቦታ ላይ «ከመስክ የተሰበሰበ» አልኩ፤ ስለ ክብሪቱ ቀፎ ትንፍሽ አላልኩም። ችግሩ መደምደሚያው ላይ ነበር። «አይሆንም» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው በዚያ ዘመን አላየሁም፤ የመጀመሪያው ለመሆንም አልቃጣኝም። ፈራሁ። «ሁኔታዎች ሲሟሉ ተስማሚ ነው» ብዬ ፈረምኩ። አለቃዬ ከዚህ ውስጥ «ተስማሚ ነው» የሚለውን አነበበ። ችካሉ ባለበት ቆመ፣ ማሳውም አንድ ክረምት ጦሙን አደረ።

የአክስቴ ጎረቤቶች በበኩላቸው ልጆቻቸው ሥራ እንዲገቡ ፋብሪካው ቶሎ ይምጣ ብለው ዱአ አስደረጉ። አክስቴም መሐላቸው ተቀምጣ «አሚን» ስትል ዋለች፤ ጎረቤት ማስቀየም አትወድም። በሆዷ ግን ሌላ እየለመነች እንደነበር ለእኔ ነገረችኝ።

በሚያዝያ የሐረጎን ዳገት በአውቶቡስ ወጥታ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ወንበር ሰጠኋት፤ ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

«ፋብሪካችሁ ይመጣል አይመጣም?»

«ጥናት ላይ ነው፣ አክስቴ።»

«ጥናቱን ተወውና፣ ልዝራ?»

የማሌዢያው ቀፎ ትዝ አለኝ። «ዝሪ» አልኳት።

«ሊቀመንበሩስ?»

«ቢሮው ፈቅዷል በይው።» ቢሮው አልፈቀደም። እንዳልፈቀደ ግን ማንም አያውቅም ነበር።

የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ማቅረቢያ ደረሰ። ቅጹ ላይ «በቦታው የተከናወነ ሥራ» የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ ባዶውን ከተመለሰ ያስጠይቃል። የአክስቴ በሬዎች ማሳውን ሁለቴ ደጋግመው አርሰውታልና «የመሬት ዝግጅቱ ተጠናቋል» ብዬ ሞላሁት። ሐሰት የለበትም። አለቃዬ ደስ ብሎት አነበበው፤ በዚያ ሩብ ዓመት በክፍለ ሀገሩ ተጠናቀቀ የተባለ ሌላ ነገር አልነበረም። ወደ ላይ ተላከ። በጥቅምት ሥራውን የሚጎበኝ ቡድን ከአዲስ አበባ መጣ፤ እኔም አብሬ እንድወርድ ታዘዝኩ።

ማሽላው ከሰው ቁመት በልጧል፤ ችካሉ እንኳ አይታይም። ካኪ የለበሰው የቡድኑ መሪ ወዲያ ወዲህ ተመለከተ።

«ጓድ፣ ፋብሪካው የታለ?»

«ይህ ቅድመ ዝግጅቱ ነው» አልኩ። ሊቀመንበሩ ላቡን ጠረገ። እኔ በልቤ ለእስር ቤት የምይዘውን ብርድ ልብስ እመርጥ ጀመር።

አክስቴ ይህን ሁሉ አታውቅም። ማሳዋ ላይ የቆመ እንግዳ እንግዳ ነው። ጥንቅሹን ቆርጣ፣ እሸቱን ጠብሳ ስታበቃ «ብሉ፣ አፈር ስሆን» እያለች አስያዘቻቸው። ቡድኑ ሥራውን ትቶ አገዳ ማኘክ ያዘ። መሪው ሦስተኛውን እየላጠ «እንዲህ ያለ ማሽላ አይቼ አላውቅም» አለ። አክስቴም ደስ ብሏት «አምና ጦም አድሮ ነው፣ አፈሩ እኮ ወርቅ ነው» አለችው። ሰውየው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ።

ማንም አልታሰረም። አክስቴ እህሏን አስገብታ ስታበቃ ደብዳቤ መጣ። የፋብሪካው ጉዳይ ለጊዜው መቆየቱን፣ ለምነቱ በጉብኝት የተረጋገጠው መሬት ግን በጋራ ለሚያርሰው የአምራቾች ማህበር እንዲተላለፍ መወሰኑን ይገልጻል። መሬቱ ተዘጋጅቶ ያለቀ ስለመሆኑ የእኔ ሪፖርት በማስረጃነት ተያይዟል። ደብዳቤውን ለባለይዞታዋ እንዳደርስ የታዘዝኩትም እኔ ነኝ።

አነበብኩላት። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ምናለ እሸቱን ባላቀመስኳቸው» አለች።

«ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አብሽር። አንተማ ዝሪ ነው ያልከኝ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሚቀጥለው ሐምሌ ለሌላ ጥናት በመሥሪያ ቤቱ መኪና ኮምቦልቻ ስወርድ፣ የማህበሩ ሰዎች ተሰልፈው ያንን ማሳ ያርማሉ። አክስቴ መሐላቸው ነበረች፤ ማታ የሚመዘገብላት የሥራ ነጥብ ነው፣ እህል አይደለም። ቀና ብላ ወደ መኪናው ስታይ ወንበሩ ላይ አጎነበስኩ።