ሬዲዮ ለነፍሰ ገዳዩ ያዋሳት ልጅ

እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ታላቅ እህቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ሬዲዮ ይለዋል። ሥራው በእህቱ ቪዲዮ ቤት ማይክሮፎን ይዞ ከስክሪኑ ጎን መቀመጥና የባዕድ አገር ፊልሞችን ተመልካቹ በሚገባው ቋንቋ እግር በእግር እየተከተለ መናገር ነው። ሰው ሲያዝን ድምፁ ይሰበራል፣ ሲሮጡ አብሮ ያለከልካል፣ ፈረስ ከመጣ ፈረስም ይሆናል። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጉሮሮ ውስጥ ሳይጣላ እንዴት እንደሚኖር ያስደንቃል።

ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ አንብቦ ይተረጉማል። ጽሑፉ ሲጠፋ ግን ዝም ማለት አያውቅበትም። «ዝም ካልኩ መብራት የሄደ ይመስላቸዋል» ይላል። ስለዚህ ባዶውን ከሰፈሩ በሚዋሰው ወሬ ይሞላዋል። ጄኔራሉ መስኮት ላይ ቆሞ ሲተክዝ የፀጉር አስተካካዩን የአማት ጣጣ ያሸክመዋል። ልዕልቲቱ የምታለቅሰው የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና እንደገና ስለተበላሸ ነው። አዳራሹ ይስቃል፤ የተነካው ሰው ፊቱን በእጁ ይሸፍናል፣ ግን ደስ ይለዋል። የራስን ኑሮ በልዕልት ፊት ላይ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

የጃፓኑ የወንጀል ፊልም የመጣው ጎሚስታው፣ ከልጅነት ጀምሮ የሬዲዮ የልብ ጓደኛ፣ ሴት ልጁ ሳንባዋን ታማበት በተጨነቀበት ሰሞን ነው። ሬዲዮ ፊልሙን አስቀድሞ አላየውም፤ ማንኛውንም ፊልም አስቀድሞ አይቶ አያውቅም፣ ታሪኩን የሚያውቀው እየተረጎመ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። በስክሪኑ ላይ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ጥብጣብ ይወርዳል። ሰውዬው አይናገርም። ጽሑፍ የለም። ሙዚቃ የለም። ሬዲዮ ጨነቀው።

«ልጄ ዛሬም ሳትተኛ አደረች» አለ ድምፁን አወፍሮ። ሁለት ጊዜ ሳለላት፣ ደረቅና የተቆራረጠ ሳል። «እቺን ብርቱካን እንኳ ብትቀምስልኝ…»

ሁሉም ወደ ጎሚስታው ዞረ። ጎሚስታው ጎማ ባጠቆረው እጁ ዓይኑን ጠረገ።

በስክሪኑ ላይ ሰውዬው ልጦ ጨረሰ፣ ቢላዋውን ይዞ ወጣ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ሊፍቱ ሲከፈት ውስጡ የነበረውን ሽማግሌ ወጋው። ማንም አልጮኸም። ሰውዬው ቁልፉን ተጭኖ ሬሳውን ወደ ላይ ላከው፣ ተመልሶ ተቀመጠና ብርቱካኑን ራሱ በላው። ልጅ የሚባል ነገር በቤቱ አልነበረም።

ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ «ጎሚስታ፣ ምን አደረግህ?» አለ። ሳቁ ጣሪያውን አነሳው። ሰውዬው ፊልሙ እስኪያልቅ አንድ በአንድ ሲገድል፣ በእያንዳንዱ ሬሳ ላይ «ጎሚስታ ደገመ!» ይባል ነበር።

ደጅ ላይ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ።

«ይሄም ፊልም ነው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ሰውዬው ሲናገር አልሰማሁት፣ ሲገድል አልሰማሁት። እኔ እንኳ ጢም ስላጭ ከዚህ የበለጠ ድምፅ አለኝ።»

«አንተማ ደንበኛህን የምትገድለው በወሬ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እየፎከሩ የሚገድሉትን ለምጃቸዋለሁ፣ ቤቴ ስገባ ይጠፋሉ። ይሄኛው ግን እስካሁን እዚህ አለ።» ደረቷን ነካች። «ሬዲዮ ባይለፈልፍበት ደግሞ የበለጠ ነበር።»

ጎሚስታው ከማንም ወገን አልቆመም። ማንንም ሳይሰናበት ሄደ።

ሰኞ ሬዲዮ ሰላም ቢለው ጎሚስታው ፊት ነሳው። ሬዲዮ ግን ወደ ጎማ ቤቱ ገባ። ጎሚስታው የነፋውን የውስጥ ጎማ በርሜል ውሃ ውስጥ ደፍቆ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል።

«ተቀየምከኝ እንዴ?»

«ጎማ ሊያስጠግን የመጣው ሁሉ ‹ዛሬስ ማንን ገደልክ?› እያለኝ ነው።»

«ቀልድ እኮ ነው።»

«አልቅሼለታለሁ እኮ። ልጁ የታመመችበት አባት ነው ብዬ አለቀስኩለት፣ ወዲያው ሰው አረደ።»

«እኔም መጨረሻውን አላወቅሁትም ነበር።»

«ሳታውቀው ነው ልጄን ያዋስከው?»

ጎሚስታው ቀዳዳውን አገኘ፣ በጣቱ ያዘውና ጀርባውን ሰጠው።

ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ሰፊዋና መሰሎቿ ፊልሙ ይደገም አሉ፤ ፀጉር አስተካካዩና መሰሎቹ ከተደገመ እዚያ ደጅ አንደርስም አሉ። እህቱ በሁለቱ መሐል ተጨነቀች። «ቅዳሜ ይታያል» አለችው በመጨረሻ። «ከተጯጯሁብኝ ግን ከዚያ ወዲያ የማሳየው ኳስ ብቻ ነው። አንተም ሌላ ሥራ ፈልግ።»

«እሺ እትዬ» አለ። የሚያስጨንቀው ግን ሥራው አልነበረም፣ ጎሚስታው ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ባዶው አዳራሽ ውስጥ ፊልሙን ብቻውን ከፈተና ዝም ብሎ አየው። ሰውዬው ጃንጥላ ይዞ ሲቆም ዝናቡ ጨርቁን ሲመታ ተሰማው፤ ጠብታው በጨርቁ ላይና በመንገዱ ላይ ሁለት ዓይነት ድምፅ ነበረው። ሬዲዮ ተገረመ። ስንት ዓመት ሙሉ በስንት ዝናብ ላይ ሲናገር ኖሯል! ሰውዬው ምን እንደሚያስብ ግን ፊቱን ደጋግሞ ቢያየውም አላገኘውም።

ወደ ጎማ ቤቱ ሄደና በር ላይ ቆሞ፣ «ቅዳሜ ና፤ ልጅህን እመልስልሃለሁ» አለ። ጎሚስታው ቀና ሳይል ጎማውን መንፋቱን ቀጠለ።

ቅዳሜ ጎሚስታው መጣ፣ አልተቀመጠም፣ በሩን ተደግፎ ቆመ። ሬዲዮ ማይክሮፎኑን አነሳ።

«ባለፈው ይሄ ሰውዬ የታመመች ልጅ አለችው ብያችሁ ነበር። ውሸቴን ነው። ልጅ የለውም። የእኛ ሰፈር ሰውም አይደለም።»

ሳቁ ሲያልቅ ፊልሙ ጀመረ። ጽሑፍ ሲመጣ ያነባል፣ ጽሑፉ ሲጠፋ አፉን ይዘጋል። ብርቱካኑ መላጥ ጀመረ።

«ሬዲዮ፣ ባትሪህ አለቀ?» አለ እንደዛተው ያልቀረው ፀጉር አስተካካይ።

«ተወው፣ እንይበት» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ምኑን? ልጣጩን?» ተነሥቶ ወጣ፣ ጥቂቶች ተከተሉት። የቀሩት ወደ ፊት አዘነበሉ። ከበሩ በኩል የጎሚስታው ድምፅ መጣ፦

«አሁን ምን እያሰበ ነው?»

ሬዲዮ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋ። «አላውቅም» አለ።

ፊልሙ ሲያልቅ የወጡትና የቀሩት ደጅ ላይ ተገናኝተው ሲከራከሩ አመሹ። እህቱ የሚከራከር ሰው ለመርታት ሲል ተመልሶ እንደሚመጣ ታውቃለችና ስለ ኳስ አላነሳችም። ጎሚስታው ሬዲዮን ከዳር ጠበቀው።

«አሁንም አልወደድኩትም። ሳይናገር የሚገድል ሰው ይቀፈኛል።»

«ታርቀናል?»

«ልጄን ከእሱ አስመልሰሃል፣ ደግ። ግን ያን ሳል የት ሰማኸው? ቁርጥ የሷን ነው የሳልከው።»

«በአጥራችሁ በኩል ሳልፍ።»

«አዎ» አለ ጎሚስታው። «ሰምተህ አለፍክ።» ጥሎት ሄደ።

እሑድ ሬዲዮ የጎሚስታውን በር አንኳኳ። ልጅቷ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከስታለች፣ ዓይኗ ግን ንቁ ነው።

«ጋሼ ሬዲዮ፣ አባዬን ነፍሰ ገዳይ አደረግከው አሉ።»

«አድርጌው ነበር።»

«ፊልሙን ንገረኝ በቃ፣ እንደ አዳራሹ ድምፅህን እየቀያየርክ።»

«መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ። ሕመሙ እንዴት ነበር?»

ልጅቷ ጀመረች፤ ስለ መጀመሪያው ሌሊት፣ ስለ መርፌው፣ አባቷ ተኝታለች ብሎ ሲያለቅስ ስለ መስማቷ። እዚያ ላይ ቃል አጥሯት ቆመች። ሬዲዮ ምላሱ ላይ ያማሩ ቃላት ተሰልፈውለት ነበር። ዋጣቸውና ጠበቃት።

በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ጎሚስታ በርጩማ ጎትቶ ከሬዲዮ አጠገብ ተቀመጠ።