ታደለ ከአንቴናው ሥር የቀበረው ሽቦ

ታደለ አረፈ አሉኝ። ስልኩን ዘጋሁና መልሼ ደወልኩ፤ ሌላ ታደለ መስሎኝ።

ባለፈው እሁድ እኮ አውርተናል! ሲስቅ ሰምቼዋለሁ።

ለማታውቁት፣ ታደለ በደርግ ጊዜ ሞጣ የተመደበ የራዲዮ ቴክኒሻን ነበር። እኔ ቢቸና ጤና ረዳት ነበርኩ። የታደለ ሕልም አማተር ራዲዮ ነበር፤ በገዛ ራዲዮው ከማያውቀው አገር ሰው ጋር ማውራት። ያኔ ማን ይፈቅድለታል? ፍቅሩን ሁሉ በእኛ ጤና ጣቢያ ራዲዮ ላይ ተወጣው።

የአንቴናው ምሰሶ ተተክሎም ከሞጣ ጤና ጣቢያ የሚሰማን የሰው ድምፅ ሳይሆን ሽውታ ብቻ ነበር። ታደለ ሲመጣ ወደ ላይ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። "መጀመሪያ መሬቱን እንየው" አለ። ሁሌም አባባሉ ይቺው ነበረች። ደረቅ መሬት ድምፁን ይበላዋል፣ ከምሰሶው ሥር በየአቅጣጫው እንደ ፀሐይ ጨረር የመዳብ ሽቦ እንቅበር አለን። ሽቦው አነሰ። "ረጅም ሆኖ ጥቂት ከሚሆን፣ አጭር ሆኖ ይብዛ" ብሎ ቆራረጠው።

ይህን ሁሉ ሲሠራ ሚስቱ ሞጣ ላይ የመውለጃ ቀኗ ደርሶ ነበር።

ሳንጨርስ የቀበሌ ጥበቃዎች መጡ። "ምንድነው የምትቀብሩት?" ቢያስረዳ ማን ይስማው። ወሰዱት። እየሄደ ዞር ብሎ፣ "የቀረውን አንተ ቅበረው! ጫፉን ሁሉ ከምሰሶው ሥር አንድ ላይ ማሰር እንዳትረሳ!" አለኝ።

የቀረውን ቀብሬ፣ ጫፉን ሁሉ አስሬ ጨረስኩና ራዲዮውን ከፈትኩ።

"ቢቸና፣ ቢቸና፣ ሞጣ ነኝ።" የሞጣዋ ነርስ ናት፣ ጥርት ብላ! "ለታደለ ንገርልኝ፤ ሚስቱ በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት።"

ቀበሌ ሮጥኩ። ሊቀመንበሩ አላመነኝም፤ ራሱ መጥቶ "ሃሎ" አለ። ነርሷ ታደለ መስሏት፣ "ታዴ፣ እንኳን ማርያም ማረችልህ!" አለችው። ሰውዬው ሳቁ አመለጠው። ያኔውኑ አስፈታው።

ታደለን ስነግረው መጀመሪያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል?"

"እንደ ጎረቤት" አልኩት።

ከዚያ ነው ፊቱን በአፈራም እጁ ሸፍኖ ያለቀሰው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት በራዲዮ እንገናኝ ነበር። የመድኃኒት ወሬ ጨርሰን ስለ ልጁ ጥርስ ያወራኛል። ኋላ እኔ ተዛወርኩ፣ ስልክም መጣ። ግን ያ በሽውታው መሀል "ወንድሜ፣ እንዴት አደርክ?" የሚለው ድምፅ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ታዴ፣ ነገ ወደ ሞጣ እነሳለሁ። ደጅህ ደርሼ ወጥተህ ሳታቅፈኝ ስትቀር የመጀመሪያዬ ነው። እንዴት እንደምገባ አላውቅም።

ደህና ሁን፣ የኔ ወንድም።