የባዩ እግር እጣቢ

ጋፋት ውስጥ እንደ ጎረቤቴ እንደ ብርቱካን ያለ ቆጣቢ አልተፈጠረም። ጨው የነካው ውሃ ሲደፋ ካየች ያማታል። እጣቢም ይሁን የቅቅል ውሃ፣ ጨው ካለበት ለከብት ነው።

በመስቀል ሰሞን ላሟ ዳልቻ ሆዷ ተነፍቶ ድርቅ አለ። እበት የለ፣ ማመስኳት የለ። ባሏ ባዩ «ጥምብ ሳትሆንብን እንረዳት» ብሎ ለቅርጫ ጠራን። ቅርጫ ማን ይጠላል? እኔ አስናቀ ቢላዋዬን ስዬ «ሽንጡ የኔ ነው!» አልኩ። ብርቱካን ግን ላሟን ከእናቷ ቤት ነው ይዛት የመጣችው። አንገቷን አቅፋ «እስከ ነገ ብቻ ጠብቁልኝ!» ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው፤ ሽንጡን ግን አልተውኩም።

የባዩ እግር ደግሞ ያን ሰሞን አብጦ ነበር። ደብረ ታቦር ያለች መድኃኒት ሻጭ «በሙቅ ውሃ በጥብጠህ እግርህን ንከርበት» ብላ አንድ ፌስታል የእንግሊዝ ጨው ሰጥታዋለች። ያን ዕለት ነክሮ ሲነሳ ብርቱካን ሳፋውን አየች። ጨው እኮ ነው፣ እንዴት ይደፋል? በጠርሙስ እየቀዳች ሁሉንም ዳልቻን ጋተቻት።

በነጋታው ላሟን ልንጥል ተሰበሰብን። እኔ ጅራቷን ያዝኩ። ኧረ ጉድ! የሰነበተውን ሁሉ ከአንገቴ እስከ ጫማዬ ለቀቀችብኝ። ብርቱካን እልል አለች፣ ሰው በሳቅ ፍርስ አለ። ዳልቻ ዘወር ብላ ድርቆሽ መብላት ጀመረች። ቅርጫው ቀረ፤ እኔም እየሸተትኩ ቤቴ ገባሁ።

የከብት ሐኪሙ ጥላዬ «ያስቀመጣት ጨዉ ነው፤ ለሰውም ለከብትም ሆድ ያለሰልሳል» ቢል ማን ሰምቶት! ከብት የታመመበት ሁሉ ውሃ በሳፋ ይዞ «ባዩ፣ እስቲ እግርህን ንከርልኝ» ይላል። ባዩም ኮራ ብሎ ይነክራል። እኔ «ጅሎች!» እያልኩ ስስቅባቸው ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት የኔው በሬ ሆዱ ደረቀ። ጥላዬ አገር ውስጥ የለም። ያለኝ አንድ በሬ ነው፤ ጨነቀኝ። ሳፋዬን አቅፌ በራቸው ላይ ቆምኩ።

ብርቱካን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሽንጡን ለማን አሰብክ፣ አስናቀ?»

አንገቴን ደፋሁ።

«በል ግባ። ባዩ፣ እግርህን አምጣ!»

ባዩ ጓዳ ገብቶ ቦቲውን ሲያወልቅ፣ እሷ ፌስታሉን ከመደርደሪያው አውርዳ ውሃዬ ላይ እፍኝ እፍኝ ጨው ጨመረች።

«እንዳትነግረው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ዕድሜውን ሙሉ ሰው ፈልጎት አያውቅም።»