የአባቴ የሽንት ቱቦ

አባቴ ሽንታቸው ተዘግቶ ሲሰቃዩ ከሱሉልታ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ቱቦ ገብቶላቸው፣ የሽንት መያዣ ከረጢት እግራቸው ላይ ታስሮላቸው ተመለሱ። ፕሮስቴት የሚባለው እጢያቸው አብጧል፤ የኦፕራሲዮን ወረፋ እስኪደርሳቸው ከቱቦው ጋር ይቆያሉ ተባልን።

አባቴ ገበሬ ናቸው፤ የሰፈር ሽማግሌም ናቸው። የተጣላ የሚታረቀው እሳቸው ባሉበት ነው። ቱቦው ከገባላቸው በኋላም ጋቢያቸውን ደርበው ለዘመዳችን ልጅ ሚስት ለመጠየቅ በሽምግልና ቡራዩ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። የልጅቷ አባት እየተናገሩ ሳለ ከረጢቱ ምንጣፉ ላይ አፈሰሰ። አንዲት ሴት ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች። ስንመለስ አባቴ ሚኒባሱ ውስጥ ጋቢያቸውን እስከ ዐይናቸው ተከናነቡ። ከዚያ ወዲያ ከግቢ አልወጡም።

ከረጢቱ ቶሎ እንዳይሞላ ብለው ውኃ መጠጣት ተዉ። ሽንታቸው ደፈረሰ፣ ሸተተ። የሚደፋላቸው ወንድሜ ነበር፤ ሴት ልጃቸው እንድታየው አይፈልጉም። ጤና ጣቢያ እንክብል ይሰጡናል፤ ሲውጡት ይሻላቸዋል፣ ሲያልቅ ይመለስባቸዋል። ቱቦው ራሱ መቀየር እንዳለበት ማንም አልነገረንም።

ወንድሜ ለሥራ ሰበታ በሄደበት ሰሞን፣ አባቴ በጠራራ ፀሐይ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ገላቸው እንደ እሳት ይፋጃል። ስቀርባቸው የሞተችው እኅታቸው መሰልኳቸው መሰለኝ፣ በስሟ እየጠሩ «ሎን ገልቺ» ይሉኛል፤ ከብቱን አስገቢ ማለታቸው ነው። ከብቱን ከሸጥን ቆይተናል።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ፣ ልጅዎ ነኝ» አልኳቸው። አላወቁኝም።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ ቱቦውን አየችና «መቼ ነው የተቀየረው?» አለችኝ።

«ተቀይሮ አያውቅም።»

«እኅቴ፣ ጀርሙ የሚራባው ቱቦው ላይ ነው። እሱ ሳይወጣ መድኃኒት ብቻውን አያድናቸውም።»

አሮጌውን አውጥታ አዲስ አስገባች፤ ከአዲሱም ለካልቸር ምርመራ ሽንት ወሰደች። ስንሰጣቸው የከረምነው እንክብል ጀርሙን እንደማይገድለው ውጤቱ አሳየ። በደም ሥር የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት ተጀመረላቸው።

ትኩሳቱ በረድ ሲል ዐይናቸውን ገለጡ። እኔ ከረጢቱን ልደፋ አልጋው ሥር ተንበርክኬ ነበር።

«ማነው እሱ?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«አንቺ ነሽ ስትደፊ የሰነበትሽው?»

«አዎ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲርገፈገፍ አየሁ። ከረጢቱን ዕቃ ላይ ገልብጬ ዕቃውን ይዤ ወጣሁ።

ቤት ከተመለስን በኋላ አልከለከሉኝም፤ ስደፋላቸው ዐይናቸውን ብቻ ይጨፍናሉ። የኦፕራሲዮኑ ወረፋ ሳይደርስ ግን ኢንፌክሽኑ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ መድኃኒቱም አላተረፋቸውም።

ለቅሶ ላይ ሰው ምን አገኛቸው ብሎ ሲጠይቅ ወንድሜ «ኩላሊት ነው» ይል ነበር። አጠገቤ ለተቀመጠች አንዲት ጎረቤታችን ግን እኔ እውነቱን ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«የኔም ባለቤት ቱቦ አላቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ለሰው እንዳልናገር አስምለውኛል። ከትናንት ጀምሮ ያንቀጠቅጣቸዋል።»

ጫማዬን ፈልጌ ተነሣሁ። ሐዘንተኛዋ ወዴት ትሄዳለች ብሎ ሰዉ ሁሉ እያየን፣ ባጃጅ አስቁመን ወደ ቤቷ ሄድን።