አማቴ የሰፈሩልኝ ቡላ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ምሕረት ለፈተና ስታጠና ሳሎኑን እየተንጎራደደች ታነበንባለች። «ግሉኮስ ቤታ ሴል ውስጥ ይገባል፤ ይቃጠላል፤ ኤቲፒ ይጨምራል፤ የፖታሲየም በር ይዘጋል፤ የካልሲየም በር ይከፈታል፤ ኢንሱሊን ይለቀቃል።» ግድግዳው ጋ ስትደርስ ትዞርና እንደገና ከግሉኮስ ትጀምራለች። እኔ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። አላስችል አለኝና «ቀስ በይ እንጂ ልጄ! ይሄን የምታስሮጪውን ነገር እኔ እስክማረው ልሞት ነበር» አልኳት። ሳቀች። የምቀልድ መስሏታል።

ቀልድ አልነበረም። እኔ ሆሳዕና ነው ያደግኩት፤ አባቴ አስተማሪ ነበሩ። ስኳር በሽታ የያዘኝ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ የሽማግሌ በሽታ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ የሰማ ሁሉ «በዚህ ዕድሜዋ?» እያለ ከንፈሩን ይመጥልኝ ነበር። ከንፈር መምጠጥ እንዴት እንደሚያናድድ የታመመ ያውቀዋል። በየቀኑ መርፌዬን እየተወጋሁ ትምህርቴን ጨረስኩ። ከዚያ ደሳለኝ የሚባል የጊምቢቹ ልጅ፣ እሱም አስተማሪ፣ ሽማግሌ ላከብኝ።

አባቴ ነገሩን አልደበቁም፤ ግን ለደሳለኝና ለእናቱ ብቻ ነው የነገሯቸው። የቀረው ዘመድ ቢሰማ «ሴት ጠፍቶ ነው በሽተኛ የሚያመጣው? ይቺ ደግሞ ትወልዳለች?» ማለቱ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት የሚኖረኝን ኑሮ አስቡት። አማቴ የእናቴን እጅ ይዘው «ስኳር የሚባል ነገር አፏ አይደርስም፤ ልጅሽ ልጄ ናት» አሉ።

ቃላቸውንም ጠበቁ! ማሩን ከነማሰሮው ለጎረቤት ሰጡት። ስኳር ከቤት ወጣ። እኔ እንዳልጎመጅ ብለው ራሳቸውም ሻያቸውን ያለ ስኳር ይጠጡ ጀመር፤ በየጉንጩ ፊታቸውን እያጨማደዱ። አሁንም ሳስበው ያስቀኛል።

በእኛ አገር ሙሽራ ከባድ ሥራ አይነካካትም፤ ትቀለባለች። ወዟ ካልወጣ፣ ጉንጯ ካልሞላ አማቷ ትታማለች። አማቴም ስኳሩን ከልክለው ባዶዬን ሊያስቀምጡኝ አልወደዱም። ከእንሰቱ የሚወጣውን ምርጡን፣ በረዶ የሚመስለውን ቡላ አወጡ። ቡላ እኮ እኛ ዘንድ ምግብ ብቻ አይደለም፤ የታመመን የሚያነሳ፣ የወለደችን የሚጠግን ነው። በወተትና በቅቤ እያሹ ያበስሉትና አታካና ይሆናል፤ ቅቤው ጠርዝ ጠርዙን እየፈሰሰ በጣባ ይቀርብልኛል። ጠዋት አታካና፣ ማታ አታካና። ሙሽራ ከአማቷ እጅ የመጣን አትመልስም። ደግሞስ ለምን እመልሳለሁ? ምላሴ ላይ አንዲት የስኳር ቅንጣት የለችውም። እኔም ብሆን የተማርኩት «ጣፋጭ አትብዪ» የሚለውን ብቻ ነበር።

እየበላሁ ከሳሁ። ውሃ ጠጥቼ አልረካም፤ ለሽንት ወደ እንሰቱ ጓሮ መመላለስ ሆነ ሥራዬ። ሙሽራ ሊያዩ የሚመጡት ሴቶች መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አማቴን ያያሉ፤ ከዚያ እርስ በርስ ይተያያሉ። አማቴ ነፍሳቸው ተጨነቀች። ጣባውን ጨመሩት፤ ቅቤውን ጨመሩት። አንድ ቀን ደግሞ ደሳለኝን ጓሮ ወስደው «ያ መርፌ ነው የሚያደርቃት። እስቲ ጥቂት ትረፍበት፤ ቡላው ያነሳታል» ሲሉት ሰማሁ። ደሳለኝ ወላወለ። እውነት እላችኋለሁ፣ እኔም ወላውዬ ነበር።

መርፌውን ከመተዋችን በፊት ወደቅኩ። ነሐሴ ነበር፤ ጊምቢቹ ያለችበት የሶሮ ወረዳ ጭቃ እግር ይዞ የማይለቅበት ወር። ጠዋት ማስመለስ ጀመረኝ፤ ትንፋሼ እየረዘመ መጣ። ደሳለኝ ስንዴ የጫነ አይሱዙ ለመነና ጋቢና ውስጥ ከተቱኝ። አማቴ ራሴን ጭናቸው ላይ አድርገው ሆሳዕና እስክንደርስ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እመቤቴ ማርያም አትጥልሽም» ይላሉ። ነጠላቸው ላይ አስመለስኩባቸው፤ በዚያው ነጠላ አፌን ጠረጉልኝ።

ሆስፒታል ግሉኮስ የሌለበት ውሃ በክንዴ፣ ኢንሱሊን በመርፌ ሲገባልኝ ቀስ በቀስ ነቃሁ። አንድ ጤና መኮንን መጣ፤ የዱራሜ ሰው፣ ከምባታ ነው። አማቴ ሀዲይኛ፣ እሱ ከምባትኛ፤ የሚገናኙት በአማርኛ፣ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ዜማ።

«እማማ፣ ምን ምን ትበላለች?»

«ስኳር እንዳትለኝ!» አሉ ኮራ ብለው። «ማሩን እንኳ አውጥቼ ሰጥቻለሁ። ቡላ ነው የማበላት። ነጩን! በወተት፣ በቅቤ፤ ጠዋትም ማታም።»

ሰውየው የእንሰት አገር ልጅ ነው፤ ቡላ ምን ማለት እንደሆነ ማን ይነግረዋል? እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ቡላ ምላስ ላይ ስኳር አይደለም። ሆድ ከገባ በኋላ ግን ስኳር ይሆናል። ቆሽት ውስጥ ትንንሽ ሴሎች አሉ፤ እነሱን እንደ ምላስ ማታለል አይቻልም። በደም የመጣላቸውን ስኳር ወደ ውስጥ አስገብተው ራሳቸው ያነዱታል። ብዙ ሲመጣ ብዙ ያነዳሉ፣ ጉልበታቸው ይሞላል። ያኔ አንዱ በራቸው ይዘጋል፣ ሌላው ይከፈታል፣ ያስቀመጡትን ኢንሱሊን ወደ ደም ይለቃሉ። ትንሽ ከመጣ ትንሽ፣ ብዙ ከመጣ ብዙ።»

«እንደ ጥሩ አሳላፊ ነዋ» አሉ አማቴ። «ራሷ ቀምሳ፣ ያለውን አይታ የምትሰጥ።»

«እንደሱ ነው። የእሷ ግን ሞተውባታል። መርፌው ኢንሱሊኑን ይሰጣታል እንጂ ምን ያህል እንደበላች አያውቅም። ቢተዉት ደግሞ ትሞታለች።»

እኛ ስንናደድ ቆሽቴ አረረ እንላለን። የጤነኛ ሰው ቆሽት ምግብ በተበላ ቁጥር በደጉ እንደሚነድ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አማቴ ግን ሌላ ነገር ነበር የሰሙት። «እና እኔ ነኛ! በገዛ እጄ!» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ጤና መኮንኑ «የነገረዎት አልነበረም፣ እማማ» ቢላቸውም አልሰሙትም። እስከዚያ ቀን የሙሽራ ነገር ሆኖ ቀና ብዬ አይቻቸው አላውቅም ነበር። እጃቸውን ይዤ አየኋቸው። እንዴት እንደወደድኳቸው!

ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ ሰውየው ዞሩ። «እንግዲያው የሞቱትን ሥራ የሚሠራላት ሰው ነው የሚያስፈልጋት በለኛ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔ አለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ቡላውን በሲኒ ሰፈሩልኝ። መርፌዬን ስወጋ አጠገቤ ይቆማሉ፤ ወዲያው ጎመኑን፣ አይቡን፣ ትንሽዬዋን ቡላ ያቀርባሉ። ሳልበላ ከቆየሁ ይቆጣሉ፤ ላብ ካዩብኝ ግን፣ ስኳሬ ወርዷል ማለት ነውና፣ ቁጣው ሁሉ ቀርቶ አንድ ጉርሻ ይጨምሩልኛል። ወዜ ተመለሰ።

ችግሩ መስቀል ሲመጣ ነው። በመስቀል ቤቱ በሴቶች ይሞላል፤ ሁሉም በየጣባው አታካና ይቀርብለታል፤ የሙሽራ ጣባ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይታያል። የእኔ ብቻ ቢጎድል ወይ «ጠልታታለች»፣ ወይ «ምን ሆና ነው?» ይባላል፤ ምስጢሩ ወጣ ማለት ነው። ሌሊቱን ሁሉ ስጨነቅ አደርኩ። አማቴ ግን ምንም አላሉኝም። ሴቶቹ ተቀምጠው ሲጠብቁ ለሁሉም፣ ለትልቅ ለትንሹ፣ የእኔን ያህል ሰፍረው አቀረቡ። ሴቶቹ ጣባቸውን አዩ፤ ተያዩ። «ብሉ እንጂ!» አሉ አማቴ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው።

በየመስቀሉ እንደዚያው ሆነ። በጊምቢቹ ስማቸው ንፉግ ተባለ። መስቀል ለምታበላ ሴት ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። «እማዬ፣ እኔው ልንገራቸው» ብዬ ስለምናቸው «ዝም በይ! እኔ አርጅቻለሁ፤ ምን ይቀርብኛል? አንቺ ገና ትወልጃለሽ» አሉኝ። ወለድኩም፤ ልጆቼን በጀርባቸው አዝለው አሳደጉልኝ። ከወለድኩ በኋላም ልንገር ስል «እኔ በሕይወት እያለሁ እንዳታነሺው» አሉ።

ባለፈው ክረምት አረፉ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ መልካምነታቸውን ሲያወሱ አንዷ «ደግ ነበሩ፤ ምግብ ላይ ብቻ ነው እጃቸው የማይፈታው» አለች። ጥቂቶች ፈገግ አሉ። ተነሳሁ። ምን እንደሚያመኝና ምን እንደሚያድነኝ፣ ማን እንደሰፈረልኝና ለምን የእነሱም ጣባ እንደጎደለ ነገርኳቸው። ያቺው ሴት መሬት ላይ ቁጭ ብላ «ይሄን ሁሉ ዘመን አማኋቸው!» እያለች ደረቷን መታች። አቅፌ አነሳኋት። ምን ታድርግ፣ ማን ነግሯት!

አሁን የምሰፍረው ራሴ ነኝ። ደሳለኝም ይረዳኛል፤ ምሕረትም ጣቷን በምታክል መሣሪያ ደሜን ትለካልኛለች። ደህና ነኝ። ግን ቁጭ ብዬ ስበላ አጠገቤ የሚቆም ሰው በዓይኔ እፈልጋለሁ። ሴሎቼ መጀመሪያ የሞቱብኝ ተማሪ ሳለሁ ነበር፤ ባለፈው ክረምት ደግሞ ሁለተኛ ሞቱብኝ።