በመሳቢያ የተቆለፈው ማኅተም

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት እዚሁ ጁባ ውስጥ ነው። ባስታወስኩት ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አማራት ሰፈር የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ አለኝ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። እንግሊዝኛውንም ኤሌክትሪኩንም ራሴ ለራሴ አስተማርኩ። ዛሬ ባለዲግሪዎች ያቃታቸውን ዕቃ ተሸክመው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ጉራ ከመሰለ ይምሰል፤ እውነት ነው።

ኛማል ከነዚያ አንዷ ናት። ጋምቤላ በስደት አድጋ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ምህንድስና ተምራ፣ አሁን እዚህ በአንድ ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ ትጠግናለች። አንድ ጊዜ የአንጎልን ሞገድ የሚመዘግብ መሣሪያ ተበላሽቶባት አመጣችው፤ አብረን ፈታተን አስነሣነው። ከዚያ ወዲህ ስለ አንጎል ማንበብ አላቆመችም።

ኋላ ውጭ አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማስታወቂያ አወጣ። በአንጎል ጥናት ሐኪሙንም፣ መሐንዲሱንም፣ የሥነ ልቦና ሰውንም አንድ ላይ ይፈልጋል። ወጪውን ይችላል፤ ለጨረሰም የመምህርነትና የምርምር ቦታ አለው። ግን ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ አይቀበልም። ኛማል ሠላሳ አምስት ሞልቷታል።

ሁሉን አሟልታ የአለቃዋ ምስክርነት ብቻ ቀራት። ምስክርነቱ የሚሞላበት ገጽ በኢሜይል ከተላከለት ሁለት ሳምንት ሆኖታል። በመጨረሻው ቀን ረፋድ ላይ ሱቄ መጣች።

«ሐጂ፣ እኔን አይሰማኝም። አንተን ያከብርሃል፤ አናግርልኝ።»

እሷን አስከትዬ ሆስፒታሉ ሄድኩ። አለቃዋ ደብዳቤውን ጽፎ ፈርሞበታል። ማኅተሙ ግን በጸሐፊዋ መሳቢያ ተቆልፎ፣ እሷ ቁልፉን ይዛ ከከተማ ውጭ ረጃፍ ለቅሶ ሄዳለች።

«ከዚህ ቢሮ ማኅተም የሌለው ወረቀት አይወጣም፣ ሐጂ» አለኝ።

በዚህ ዕድሜዬ የኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ቦዳቦዳ ላይ ወጣሁ። መንገዱ አጥንቴን ሲያላላው ረጃፍ ደረስኩ። ጸሐፊዋን ከለቀስተኛ መካከል አስጠርቼ ቁልፉን ተቀበልኩ። ስመለስ የማመልከቻው መዝጊያ ሊደርስ ሩብ ሰዓት ያህል ቀርቶታል።

ማኅተሙ ተመታ። ደብዳቤው ፎቶ ተነሣ። ያን ጊዜ ሰውየው በኢሜይል የተላከለትን ገጽ በስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈተው።

ደብዳቤ ማስገቢያ የለውም። ጥያቄ ብቻ ነው፤ አመልካቿን እንዴት ታውቃታለህ፣ ምን ስትሠራ አየሃት፣ ከባልደረቦቿ በምን ትለያለች። አንድም ቦታ ማኅተም አይልም። በአንድ ጣቱ እየፈለገ መጻፍ ጀመረ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሰዓቱ ደረሰና ገጹ ተዘጋ።

«ማሌሽ፣ ምንም አይደል» አለ ስልኩን እያስቀመጠ። «በሚቀጥለው ዓመት ትሞክራለች።»

ኛማል ዕድሜዋን አልነገረችውም። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። እኔ ግን በአረብኛም በእንግሊዝኛም የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ዘበኛው መጥቶ እስኪያስወጣኝ አላቆምኩም።

አሁን ኛማል የዕድሜ ገደብ የሌለበት ቦታ እየፈለገች ነው፤ እስካሁን አላገኘችም። ሰውየው በሱቄ በር ሲያልፍ ሰላም ይለኛል። አልመልስለትም።

ከእሱ ይልቅ የሚያናድደኝ ግን ራሴ ነኝ። ረጃፍ ድረስ ከመሮጤ በፊት «እስቲ ገጹን ክፈተው» ማለት አቃተኝ። ለካ ለእኔም ማኅተም የሌለው ነገር ምስክርነት አይመስለኝም ነበር።