የማኅሌት ትንፋሽ በመዋኛ ገንዳ

«ምነው አያ፣ ያን ሁሉ ትንፋሽ ለማን ሊያወርሱት ነው የሚያስቀምጡት?» አለችኝ የዋና አሠልጣኟ። እስከ ደረቴ ውኃ ውስጥ ቆሜ፣ በአፍንጫዬ የገባው በአፌ እየወጣ፣ ሳል አላናግር ብሎኝ ነበር። ደግነቱ ሳሉ ከለከለኝ እንጂ ልመልስላት ያሰብሁት ነገር ጥሩ አልነበረም። ስለ ትንፋሽ ለእኔ ሊነገረኝ? ከልጅነቴ ጀምሮ የተማርሁት እኮ ትንፋሽ ነው።

የጎንደር የደብር ልጅ ነኝ። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ እኔ ግን ክህነቱን ትቼ ዜማውን ያዝሁ። በሥራ ቀን አማርኛ አስተምራለሁ። በበዓል ቀን ጥምጥሜን ጠምጥሜ፣ መቋሚያዬን ይዤ ማኅሌት እቆማለሁ። በደብራችን የቀኙን ወገን የምመራው እኔ ነኝ። መሪ ማለት የዜማውን መነሻ ብቻውን የሚያወጣ ሰው ነው፤ ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ እርሱ ሲጨርስ ይቀበሉታል። እርሱ መሐል ላይ ከቀረ የሚቀበሉት ነገር የለም።

እኔ መሐል ላይ ቀረሁ። ክረምት ሊገባ ሲል የሳንባ ምች አሞኝ ተኝቼ ተነሣሁ፤ ድኛለሁ ብዬ በመጀመሪያው ወርኃዊ በዓል ቦታዬን ያዝሁ። ዜማውን አነሣሁ፤ ገና ወገቡ ላይ ሳልደርስ ትንፋሼ ተቆረጠ። አፌ ተከፍቶ ድምፅ የለም። ከበሮው ቆመ። ሁሉም ዘወር ብሎ አየኝ። የግራው ወገን መሪ ነው ከአፌ ነጥቆ የጨረሰልኝ። ታምሜ ከተኛሁበት ቀን ይልቅ ያን ቀን ደነገጥሁ።

ያሳደጉኝ የዜማ መምህር፣ የኔታ፣ እዚያው ነበሩ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ጆሯቸው ግን ምንም አያመልጠውም። ሲወጡ በትከሻዬ ተደግፈው ቀስ ብለው ተናገሩኝ።

«እስከ ንግሡ እንይ። ካልሆነ ሌላ ይመራል። አትቀየመኝ።»

አልተቀየምሁም፤ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ንግሡ ኅዳር ላይ ነው። ከዚያች ቦታ ከወረድሁ ማን እንደምሆን አላውቅም ነበር። ቤቴ ፀዳ የሚባል ሰፈር ነው፤ ከደብሩ ሩቅ ነው፤ ጎረቤቶቼ በሙሉ አዲስ ገቢ ስለሆኑ የአስተማሪነቴን ነገር ነው የሚያውቁት። ደብሩ ውስጥ ግን ሰው ድምፄን ሰምቶ «እርሱ ነው» ይላል። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ማጣት አልፈለግሁም።

ሳንባዬን ያከመኝ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። መድኃኒት ያዝዝልኛል ስል ዋና አዘዘልኝ። «መንቦጫረቅ አይደለም፤ በደንብ ተምረህ፣ እየቆየህም ፍጥነት እየጨመርህ» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀም። በእኛ ሰፈር ትልቅ ሰው ውኃ የሚገባው ለጠበል ነው፤ እርሱም ቆሞ ነው። በሆዱ ተኝቶ ውኃ የሚቀዝፍ ደብተራ በዘሬም በዓይኔም አላየሁም።

ለባለቤቴ ብቻ ነግሬ፣ ቁምጣና ፎጣ በቦርሳ ይዤ፣ ገንዳ ያለው አንድ ሆቴል ሄድሁ። አሠልጣኙ ሴት ናት። ያውም ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ጎርጎራ ሐይቁ ዳር ያደገች፣ ሰው ሲሰምጥ እያየች የምትስቅ ዓይነት። እኔ ደግሞ በቁምጣ፣ ከማተቤ በቀር ከወገቤ በላይ ምንም የለኝም። እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ እንደ ታሰረ ሰው ቆምሁ። «ይግቡ እንጂ፣ ውኃው ሸጋ ነው» አለችኝ። ገባሁ። ሸጋው ውኃ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። የደጋ ገንዳ ክረምት ላይ ምን ማለት እንደሆነ ያላየው አያውቀውም፤ ለቅጽበት ልቤ የቆመ መስሎኝ እመብርሃንን ጠራሁ።

ፍሪስታይል የሚሉትን ነው የምታስተምረኝ፤ በሆድ ተኝቶ፣ ፊትን ውኃ ውስጥ ከትቶ፣ እጅን ተራ በተራ እየወረወሩ፣ ጎን ለጎን ዞሮ መተንፈስ። ሲነገር ቀላል ነው። እኔ ግን ከወዲያ ዳር ተነሥቼ መሐሉ ላይ ስደርስ እግሬ ይሰምጣል፣ ደረቴ ይነፋል፣ ለመተንፈስ ስዞር ውኃ እጠጣለሁ። በየሣምንቱ እንደዚያው። በጣም የምፈጥን ይመስለኝ ስለነበር ቢያንስ ለፍጥነቴ ታመሰግነኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ አንድ ቀን በስልኳ ቀርጻ አሳየችኝ። ወይ ጉድ። ያ ሰው እኔ ነኝ? ጎርፍ የወሰደው በግ ነው የሚመስለው። እጁ ውኃውን በጥፊ ይመታል፣ ራሱን ቀና አድርጎ ሰማይ ይፈልጋል፣ ካለበት ግን ፈቀቅ አይልም። ስልኩን መለስሁላት።

«ስንት ሰው አይቶታል ይህን?»

«እኔና እርስዎ። ግን ይዩት፣ አፍዎን ይዩት» አለችኝ። «ውኃ ውስጥ አንድም አረፋ የለም። ትንፋሹን አንቀው ይዘውታል። ሲዞሩ ያንኑ ያስወጣሉ፣ ለአዲሱ ጊዜ አይኖርም፣ ተመልሰው ይገባሉ።»

እዚህ ላይ ነው የተጣላነው። ትንፋሽ መያዝ ጥፋት ነው የምትለው ለማን ነው? የኔታ ዜማ ሲያስተምሩን የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነበር። ሞልተህ ሳብ፣ ቆጥበህ አውጣ፣ ሲሶውን አስቀር። ሲሶውን ያላስቀረ ተማሪ ሰው ፊት ባዶውን ይቀራል ይሉን ነበር። ደረታችን ላይ እጃቸውን ጭነው ይፈትሹናል፤ ዜማው አልቆ ደረቱ የሞላ ልጅ ይመረቃል፣ ባዶ የሆነ ይገሠጻል። ይህን ሁሉ ነገርኋት። ትከሻዋን ነቀነቀች።

«የኔታ ዓሣ አላስተማሩም» አለችኝ።

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ለየኔታ እንዲህ ይባላል? ታክሲ ውስጥ ስጉረመረም ረዳቱ «አባባ ምን ሆኑ?» ብሎ ጠየቀኝ። አባባ መባሌ ደግሞ ሌላ ብስጭት ሆነ።

ቢሆንም ተመለስሁ። ንግሡ እየቀረበ ነው፤ ቤት ውስጥ ዜማውን ስሞክር አሁንም ወገቡ ላይ ነው የሚቆረጥብኝ። ኩራቴን ውጬ ገንዳው ውስጥ ገባሁ። እርሷም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። በእጄ እንዳልማታ፣ ሩቅ ዘርግቼ ውኃውን ወደ ኋላ እንድስብ፣ ዓይኔ የገንዳውን ወለል እንዲያይ፣ ስተነፍስ ራሴን ብቻ ሳይሆን ጎኔን እንዳዞር ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ያዝሁ። ትንፋሹ ብቻ እንቢ አለኝ። አእምሮዬ «አውጣ» ይላል፣ ደረቴ አይሰማም።

«እንግዲያው ውኃው ውስጥ አንድ ነገር ይበሉ» አለችኝ። «ልጆቹን እያንጎራጎሩ እንዲዋኙ ነው የማደርጋቸው። ሰው ድምፅ እያወጣ ትንፋሹን መያዝ አይችልም። የሚያውቁትን ያንጎራጉሩ።»

የማውቀው ምንድን ነው? ዘፈን አላውቅም። ፊቴን ከተትሁ፣ ግድግዳውን በእግሬ ገፋሁ፣ ከጉሮሮዬ የወጣው ሃሌ ሉያ ነው። አስቤው አይደለም። ረጅሙ፣ በንግሥ የሚወጣው። አረፋው በጆሮዬ በኩል እየተንቦለቦለ አለፈ። ዞርሁ፤ ደረቴ ባዶ ስለነበር አየሩ ራሱ ገባ። እንደገና ሃሌ ሉያ። እጄ ሳላዘው ዝማሜውን ያዘ፤ በማኅሌት መቋሚያውን በዝግታ ወዲያና ወዲህ እንደምናወዛውዘው አንዱ እጅ ሲሄድ ሌላው ይጠብቃል። በጣም ቀርፋፋ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ድንገት እጄ ሲሚንቶ ነካ። ቀና ስል ማዶው ጠርዝ ላይ ነኝ።

አልቆምሁም፤ አልጠጣሁም። አሠልጣኟ ስልኳ ላይ የያዘችልኝን ሰዓት እያየች አፏን ይዛለች።

«አያ፣ ሲፍጨረጨሩ ከነበረበት ቀን ሁሉ ዛሬ ይፈጥናሉ። ሰዓቴ የተበላሸ መሰለኝ።»

እኔ ግን ደስታው አንድ እፍኝ ሳይሞላ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። የቤተ ክርስቲያንን ዜማ፣ በቁምጣ፣ ሙዚቃ በሚጮህበት የሆቴል ገንዳ፣ ሴት ፊት፣ ውኃ ውስጥ ደፍቄ። ምን ነካኝ? በማግሥቱ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ጉልበታቸው ሥር ወደቅሁ። አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቻለሁ።

«ወዲያ ማዶ ደረስህ?» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ከምራቸው ነው። «ደረስሁ» አልሁ።

«እሰይ። ስግደት እሰጥሃለሁ፤ ስለ ዋኘህ ግን አይደለም። ከየኔታ ተደብቀህ ስለሄድህ ነው። ሂድና ንገራቸው።»

ስግደቱን ሰገድሁ፤ መንገሩን ግን ፈራሁ። ከንግሡ በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ አሳደርሁት። ገንዳውን ግን አልተውሁትም። ዜማውን በልቤ አድርጌ በጉሮሮዬ «እም» እያልሁ፣ እየቆየሁም ፍጥነት እየጨመርሁ፣ ሐኪሙ እንዳለኝ።

ንግሡ ደረሰ። ታቦቱ ወጥቶ፣ ዓውደ ምሕረቱ በሰው ተሞልቶ፣ ፀሐዩ ጥምጥማችን ላይ ወርዶ፣ እኔ ከፊት ቆሜያለሁ። የግራው መሪ በጎን እያየኝ ነው፤ ሊነጥቀኝ ተዘጋጅቷል፣ አልፈርድበትም። ዜማውን አነሣሁ። ወገቡ ላይ ደረስሁ፤ የለመድሁት ገደል ይህ ነው። ሲሶውን ልይዝ ስል ያቺ ልጅ «ለማን ነው የሚያስቀምጡት» ስትል የሰማሁ መሰለኝና ለቀቅሁት። ያለኝን ሁሉ ለቀቅሁት። ዜማው ሄዶ ሄዶ መጨረሻው ላይ አረፈ። እልልታው ሲነሣ ራሴን ወደ ቀኝ ጠምዝዤ፣ አፌን በጎን ከፍቼ አየር ሳብሁ፤ ሳላውቀው እንደ ገንዳው። አጠገቤ ያለው ደብተራ አንገቴ የተቀጨ መስሎት በክርኑ ደገፈኝ። ከበሮው ወረደ፤ ሁሉም ተቀበለኝ። አለቀስሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የኔታ አስጠሩኝ። ከደብሩ ግቢ ያለችው ጎጇቸው ውስጥ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ሲበራ ያን ጊዜ አየሁ።

«ቦታህ ያንተ ነው» አሉኝ። «ነገር ግን የትላንቱ እኔ ያስተማርሁህ ትንፋሽ አይደለም። ሲሶ አላስቀረህም፤ ሰምቼሃለሁ። ከየት አመጣኸው?»

ነገርኋቸው። ገንዳውን፣ አሠልጣኟን፣ አረፋውን፣ ውኃው ውስጥ ያወጣሁትን ሃሌ ሉያ። ያልወጣው አሮጌ ትንፋሽ ቦታ ይዞ አዲሱን እንደሚከለክለው፣ እርሷ እንዳለችኝ ነገርኋቸው። በመቋሚያቸው ይመቱኛል ብዬ ወደ በሩ ጠጋ ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን ፊት መታጠቢያውን ሳፋ በእጃቸው ዳበሱ።

«ውኃ ሙላበትና አሳየኝ።»

ሞላሁ። ተንበርክኬ ፊቴን ከተትሁና ጉሮሮዬን ለቀቅሁ። እጃቸውን እንደ ልጅነቴ ደረቴ ላይ ጭነው ነበር። ሲሞላ ጠበቁ፣ ሲጎድል ያዙት፣ ባዶ ሲሆን እጃቸው አብሮ ወረደ፤ አየሩ ተመልሶ ሲገባ ብድግ አለ። ሦስቴ አስደገሙኝ። ከዚያ ጥምጥማቸውን ፈቱ። ምን ሊያደርጉ ነው ብዬ ሳልጨርስ፣ ሳፋውን ወደ ራሳቸው ስበው ያን የተከበረ ፊት ውኃው ውስጥ ደፈቁት።

ደንግጬ ትከሻቸውን ያዝሁ። በእጃቸው ገፉኝ። አረፋው እየተንቦለቦለ ወጣ፤ በዚያ ውስጥ ዜማው በስሱ ይሰማል። ቀና አሉ፤ ረጅም አየር ሳቡ። ለዓመታት ወደ ደረታቸው ሲገባ ያልሰማሁት ዓይነት አየር ነበር። ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። ውኃው ከጢማቸው እየተንጠባጠበ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ትንፋሽ የላችሁም ብዬ ወደ አገራቸው የመለስኋቸው ልጆች ነበሩ» አሉ።

«እርስዎ የተማሩትን ነው ያስተማሩ፣ የኔታ» አልሁ።

«አንዱ ከአዲ አርቃይ በእግሩ የመጣ ነበር። ሲሶ ማስቀረት እንቢ አለው፤ ሁሉንም ያወጣው ነበር። ካንተ ጋር በአንድ ቀን ነው የጀመረው፤ አታስታውሰውም። በሣምንቱ መለስሁት።»

ፎጣ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«ድምፁ ካንተ ይሻል ነበር» አሉኝ።